ላብ (ላብራቶሪ) ለሁለት ወር ሲዘጋ ሶኬት መንቀል ይበቃል?

እህቴ፣ «ላባችን ለክረምት ሁለት ወር ሊዘጋ ነው፤ ማሽኖቹን ከሶኬት መንቀል ይበቃል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አይበቃም። እኔም እዚሁ ድሬ ላብ ውስጥ ስለሠራሁ ነገሩ ይገባኛል። መንቀልማ ማንም ይነቅላል። ማሽን የሚገድለው ውስጡ የቀረው ነገር ነው።

1. ኤችፒኤልሲ (የፈሳሽ ድብልቅን ለያይቶ የሚመረምር ማሽን) ካላችሁ ባፈር (ፒኤች የሚያረጋጋ ጨዋማ ፈሳሽ) ኮለሙ (መለያ ቱቦው) ውስጥ ጥለሽ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ጨው በሌለው፣ ውሃ በሚበዛበት ድብልቅ እጠቢው። ማሟሟያው፣ ሜታኖሉ ወይም አሴቶናይትራይሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው። ፎስፌት ባፈር ላይ በቀጥታ ንጹህ አሴቶናይትራይል ከለቀቅሽበት ጨዉ እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል።

2. የፒኤች ኤሌክትሮድ (የአሲድነት መለኪያው ዘንግ) 3 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ ውስጥ ይክረም። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ በፍጹም! የኔ ኤሌክትሮድ ክረምቱን እንዲህ ከርሞ መስከረም ላይ ያለምንም ጣጣ ካሊብሬት ሆኗል።

3. ዲስቲለሩንና ዋተር ባዙን አፍስሰሽ አድርቂ። የድሬን ውሃ ኖራ መቼም ለአንቺ አልነግርሽም።

4. ፍሪጅ። አቦ፣ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡ የምርመራ ኪቶች ስለነበሩ የላቡ የመብራት መስመር እንዳይጠፋ ደብዳቤ ጽፌ ንብረት ክፍል ወሰድኩ። ኃላፊው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ያንተ ፍሪጅ ከሌላው በምን ይለያል?» አለኝ። ደግነቱ ጸሐፊዋ ኮፒዬ ላይ ማህተም መታችልኝ። ስንመለስ የሕንፃው ዋና ብሬከር ጠፍቷል። ለቁጠባ ነው አሉ! በዚያ ሙቀት የተዘጋ ፍሪጅ ምን እንደሚሆን አስቢው፤ ሽታው ከኮሪደሩ ነው የተቀበለኝ። ኪቶቹ በሙሉ ተጣሉ። ይባስ ብሎ ሰውየው ደብዳቤ አልደረሰኝም ብሎ እኔኑ ሊያስጠይቀኝ ተነሳ። ኮፒውን ከነማህተሙ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ጭጭ አለ። ይቅርታ ግን እስከዛሬ አልጠየቀም።

ስለዚህ ደብዳቤሽን በሁለት ኮፒ አድርጊው፤ አንዱ ማህተም ተመቶበት አንቺ ጋ ይቅር። ብሬከሩ ላይም «እንዳይጠፋ» ብለሽ ለጥፊ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኪቶቹን መብራት የማይቋረጥበት ቦታ በአደራ ማስቀመጥ ነው። ባዶውን ፍሪጅ ነቅለሽ በሩን ገርበብ አድርጊው።

ሌላው ቀላል ነው። የማይክሮስኮፑን ዘይት ጥረጊ፣ የሴንትሪፊውጁን ክዳን ክፍት ተዪ፣ ጋዝ ካለ ከሲሊንደሩ ዝጊና ሬጉሌተሩ ውስጥ የቀረውን አስተንፍሺ። ላባችሁ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ከሆነ መሬት ላይ ምንም አታስቀምጡ፤ የ1998ቱ ጎርፍ በክረምት ሌሊት ነው የመጣው።

ፍሪጃችሁ ውስጥ ምን ምን እንዳለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናያለን።