ቪዲዮም መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል

ለዓመታት ዘጋቢ ፊልም ሳቀናብር ኖሬአለሁ። ፊልምና ቪዲዮ ስለ ሰው ኑሮ ምን ያህል ማስረጃ ይሆናሉ በሚለው ላይ ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሴ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካሜራ ፊቱ ያለውን ነው የሚቀርጸው። ታዲያ ምኑ ያከራክራል?

መልስ፦ የሚያከራክረው ነገሩ እንዴት ካሜራው ፊት እንደመጣ ነው። በ1895 የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ፈረንሳይ አገር ሊዮን ውስጥ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ቀርጸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቀረጻው ግን ሦስት ዓይነት ነው። በአንዱ ጋሪ የሚስብ አንድ ፈረስ ይወጣል፣ በሌላው ሁለት፣ በሦስተኛው ፈረስ የለም። ሠራተኞቹ ውጡ እየተባሉ ደጋግመው ወጥተዋል ማለት ነው፤ ቀራጮቹ ደግሞ አሠሪዎቻቸው ናቸው። «ከሥራ ሲወጡ እንዲህ ነበሩ» ብዬ አልምልበትም። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውን ግን ከዚያ በር የተሻለ የሚነግረኝ የለም።

ጥያቄ፦ «ናኑክ» የተባለው ፊልም ውሸት ነው ይባላል። ለምን እስካሁን ይማሩበታል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ላርዝም፤ ይህን ፊልም እወደዋለሁ፣ ያናድደኛልም። ሮበርት ፍላኸርቲ በሰሜን ካናዳ የበረዶው አገር ነባር ሕዝብ የሆኑትን የኢኑይት ሰዎች ቀርጾ በ1922 አወጣው። ናኑክ የተባለው ሰው እውነተኛ ስሙ አላካሪያላክ ነው። ጠመንጃ እያወቁ በጦር እንዲያድኑ ተደረገ። ኢግሉ በሚባለው የበረዶ ጎጆ ውስጥ ለካሜራው የሚበቃ ብርሃን ስላልነበረ፣ ግማሽ ጎኑ ክፍት የሆነ ጎጆ ተሠራ፤ ቤተሰቡን ተኝቶ የምናየው ብርዱ እየገባበት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ይኖሩ ነበር ብሎ ፊልሙን የሚጠቅስ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ግን የአላካሪያላክን እጅ እዩት። የበረዶ ጡቡን በቢላዋ ሲቆርጥ፣ ጠርዙን ሲያስተካክል፣ ብርጭቆ የመሰለ ግግር አምጥቶ መስኮት ሲያደርገው፣ ብርሃኑ ወደ ውስጥ እንዲያንጸባርቅ ከመስኮቱ ጎን አንድ ጡብ ሲያቆም። ያን እጅ የትኛውም አዘጋጅ ለቀረጻ ብሎ አያስተምረውም።

ጥያቄ፦ ኤዲተር አንድም ቃል ሳይጨምር መዋሸት ይችላል?

መልስ፦ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። አንዲት እናት «አዲሱ ኑሮ ተስማማዎት?» ተብለው ተጠየቁ። እጃቸውን አዩ፣ ወደ በሩ ዞር አሉ፣ 7 ሴኮንድ ያህል ዝም ብለው «አዎ፣ ደህና ነው» አሉ። ፊልሙ ስለረዘመብኝ ዝምታውን ቆረጥኩት። ቃሉ የራሳቸው ነው፣ ድምፁም፣ ፊቱም። ፊልሙ በታየበት ቀን ግን የሰማሁት ኑሮው የተመቸው ሰው መልስ ነበር።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፖሊሶች ጥቁሩን አሽከርካሪ ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ ዓለም ሁሉ አየ። እንዴት በነጻ ተለቀቁ?

መልስ፦ በማርች 1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ነዋሪ ከቤቱ በረንዳ ሆኖ የቀረጸው ነው። የተከሳሾቹ ጠበቆች ቪዲዮውን ሊደብቁት አልሞከሩም። እንዲያውም እነሱም ደጋግመው አሳዩት፤ ግን አዘግይተው፣ ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዷን ምስል ለብቻ እያቆሙ። በራሱ ፍጥነት ሲታይ የዱላ ውርጅብኝ የነበረው፣ ሲቆም እግር ማንሳት ሆነ፣ ክንድ ማጠፍ ሆነ። የፖሊስ ሥልጠና ባለሙያ ደግሞ ኪንግ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሊነሳና ሊያጠቃ እንደሆነ አድርጎ ተረጎመው። በኤፕሪል 1992 ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ አንዱንም ጥፋተኛ አላሉም፤ ከተማዋ በእሳት ነደደች። በ1993 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከአራቱ ተከሳሽ ፖሊሶች ሁለቱ ጥፋተኛ ተባሉ። ቪዲዮው ያው ነበር።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም ነው የሚሉን?

መልስ፦ አይበቃም። በኖቬምበር 1945 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በጀርመኑ የኑረምበርግ ችሎት የናዚ ማጎሪያ ካምፖች ፊልም ሲታይ፣ ከፊልሙ መግቢያ ላይ ምስሉ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ የመሐላ ቃል ነበረበት። ምስክር ምሎ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ተጠይቆ ነው የሚታመነው። ቪዲዮም እንደዚያው ነው፦ ማን ቀረጸህ? በማን እጅ አለፍክ? ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ያለው የት ሄደ?

ጥያቄ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት መጥተው የለ? ምኑን እንመን?

መልስ፦ ስጋቱ እውነት ነው። እኔ ዘንድ የሚደርሰው አሳሳች ቪዲዮ ግን አብዛኛው እውነተኛ ቀረጻ ሆኖ ቀኑና ቦታው የተቀየረ ነው። ድሮ ሌላ አገር የተደረገ ሰልፍ «ትናንት» ተብሎ ይመጣል። የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ የጥላ አቅጣጫ ተመልከቱ። በዚያ ላይ ጥፋቱ የተቀረጸበት ሰው እውነተኛውንም «በማሽን የተሠራ ነው» ብሎ ማምለጥ ጀምሯል።

ጥያቄ (ከአንዲት ተማሪ)፦ ለመመረቂያ ጥናቴ የሰዎችን የሥራ ውሎ በስልኬ ልቀርጽ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቦታውን ሰፋ አድርገሽ ጀምሪ፤ ስልኩን ሳታንቀሳቅሺ ቢያንስ 10 ሴኮንድ ያዢ። መጠጋቱ ከዚያ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ፋይል አትንኪው። በቴሌግራም የሚላክ ቅጂ ጥራቱ ሊወርድ፣ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓትም ሊጠፋበት ይችላል። የት ቆመሽ እንደቀረጽሽ፣ ካሜራውን ሲያይ ማን ምን እንዳለ፣ ለምን መቅረጽ እንዳቆምሽ ደብተር ላይ ጻፊ፤ የመጨረሻዋን አብዛኛው ሰው ይረሳታል። ፈቃድም ሁለቴ ጠይቂ፦ ከመቅረጽሽ በፊትና የተቀናበረውን ካሳየሻቸው በኋላ። «ይህቺን አውጪልን» ካሉሽ አውጪላቸው፤ ለምን እንዳሉ ግን ደብተርሽ ላይ ይግባ።