ቋንቋው ሳይገባን የሚያስለቅሱን የጃፓን ዘፈኖች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ስልኬ ላይ ሙዚቃ ከፍቼ ስሠራ አንድ የድሮ የጃፓን ዘፈን በራሱ ጊዜ መጣ። ፈገግ ብሎ የሚዘፍን የሚመስል ወጣት ነው፤ መሐል ላይ ያፏጫል። ርዕሱ «ሱኪያኪ» ይላል። አንዲት ቃል ሳይገባኝ እንባዬ መጣ። እህቴ «ምኑ ገብቶህ ነው የምታለቅሰው?» እያለች ትስቅብኛለች። እውነት ምኑ ገብቶኝ ነው? (ፈረቃኛው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘፈኑ በደንብ ገብቶዎታል። የሰሙት ክዩ ሳካሞቶን ነው። ዘፈኑ በአገሩ «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ይባላል፤ የወጣውም በ1961 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግጥሙ የሮኩሱኬ ኤይ ነው፤ ዜማው የሃቺዳይ ናካሙራ።

ግጥሙ ምን ይላል? አንድ ሰው በሌሊት ብቻውን ይሄዳል። እንባው እንዳይወርድበት ቀና ብሎ ይራመዳል። በቃ ይኸው ነው። ምን እንዳሳዘነው አይነግረንም። ኤይ በ1960 የጃፓንና የአሜሪካን የጸጥታ ስምምነት ከተቃወሙት ሰልፈኞች አንዱ ነበር። ስምምነቱ ግን ጸደቀ፤ ሰልፈኛውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ገባ። የግጥሙ መነሻ ያ ሽንፈት ነው። ሆኖም አንድም የፖለቲካ ቃል አላስገባበትም። ስለዚህ ፍቅረኛው የተለየችውም፣ ሰው የሞተበትም፣ ከሥራ የወጣውም የየራሱን ሐዘን ይዞ ይገባበታል። እርስዎም እንደዚያው ያደረጉ ይመስለኛል። ደግሞ ብቻዎን አይደሉም። በ1963 ይህ ዘፈን በጃፓንኛ እንደተዘፈነ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ለእህትዎ ይህን ይንገሩልኝ።

ሳካሞቶ ዘፈኑ ሲወጣ ገና 19 ዓመቱ ነበር። በኦገስት 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ይበር የነበረ አውሮፕላን ጉንማ ውስጥ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። 520 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። ከሟቾቹ አንዱ እሱ ነበር፤ በ43 ዓመቱ። ብዙ ሰው ስለዚህ ዘፈን ሲያወራ ከአደጋው ነው የሚጀምረው። እኔ ይህን አልወደውም። ዘፈኑ አደጋው ከመድረሱ ከሃያ ዓመት በፊትም ያስለቅስ ነበር።

ስለ ቅኝትም ትንሽ ልበል። ከሜይጂ ዘመን (1868–1912) ጀምሮ የምዕራቡ ሙዚቃ ጃፓን ሲገባ፣ ዜማ ደራሲዎቹ አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ የዘለለ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ለመዱ። ኤንካ የሚባለው የናፍቆትና የመለየት ዘፈን በአብዛኛው የሚዜመው በዚህ ቅኝት ማይነር ነው። ኪቦርድ ካለዎት ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለው ይሞክሩት። ትዝታ ማይነር ነው! አንዱ ከአንዱ የወሰደው ነገር የለም፤ ግን ድምፅ በድምፅ ይገጥማሉ። ሳካሞቶ የዘፈነው በሜጀር ስለሆነ የእሱን እንባ በዚህ ብቻ አላስረዳም። የኤንካ ዘፈኖችን ሲሰሙ ግን ጆሮዎ እንግድነት ባይሰማው አይገረሙ።

ጥያቄ፦ የሰባዎቹን የጃፓን ዘፈኖች ዜማቸውን ወድጄ ትርጉማቸውን ፈልጌ አነበብኩ። ግጥሙ ባዶ ነው! ሳሙና፣ ባቡር፣ መሐረብ። ይሄ ምኑ ነው ልብ የሚነካው? ሁሉንም ሥራ የሚሠራው ዜማው ብቻ አይደለም? (ያልተዋጠላት)

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከርሻለሁ። ልብ የሚነካውማ ሳሙናው ነው!

ሳሙናው ያለበትን ዘፈን ልውሰድ። «ካንዳጋዋ» ይባላል፤ በ1973 ካጉያሂሜ የተባለው ቡድን ያወጣው ነው። ካንዳ ቶኪዮን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው። አንዲት ሴት የድሮ ፍቅረኛዋን ታናግራለች። የሚኖሩት ሦስት የታታሚ ምንጣፍ ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አምስት ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቤቱ መታጠቢያ ስለሌለው ሰፈር ውስጥ ወዳለው የሕዝብ መታጠቢያ ይሄዳሉ። «አብረን እንወጣለን» ተባብለው ሁልጊዜ ውጭ ቆማ የምትጠብቀው እሷ ናት። እርጥብ ፀጉሯ እስኪቀዘቅዝ ትቆማለች። በእጇ የያዘቻት ትንሽ ሳሙና ኳ ኳ ትላለች። እስቲ አስቢው። ያቺ ሳሙና እንድትንኳኳ ሴትየዋ መንቀጥቀጥ አለባት። ብርዱ፣ ድህነቱ፣ ትዕግሥቷ፣ ፍቅሯ፣ ሁሉም እዚያ ድምፅ ውስጥ አለ። «በጣም እወድህ ነበር» ብትል ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር? መጨረሻ ላይ በወጣትነቷ ምንም እንደማትፈራ ትናገራለች፤ የምትፈራው የእሱን ደግነት ብቻ ነበር። ይህን መስመር ስሰማ አሁንም ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

መሐረቡ ደግሞ የሂሮሚ ኦታ ነው፤ «ሞሜን ኖ ሃንካቺፉ»፣ 1975። ግጥሙ የታካሺ ማጽሞቶ፣ ዜማው የክዮሄይ ጹጹሚ ነው። የሁለት ሰዎች ምልልስ ነው። እሱ በባቡር ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ስጦታ እልክልሻለሁ ይላል። እሷ ምንም አልፈልግም፣ የከተማው ቀለም ሳይነካህ ተመለስልኝ ትላለች። ወራት ያልፋሉ። በከተማው ፋሽን የሆነ ቀለበት ይልክላታል። ቀጥሎ ሱፍ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ። በመጨረሻ እውነቱን ያወጣዋል፤ ኑሮው ደስ ብሎታል፣ መመለስ አይችልም። ያኔ ነው እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጦታ የምትጠይቀው፤ እንባዋን የምትጠርግበት የጥጥ መሐረብ። ዜማውን ልብ ብለሽ ስሚው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብሩህ ነው፤ እግር ያወዛውዛል። እሱ ሲለወጥም እሷ ስታለቅስም ያው ዜማ ነው። አንጀት የሚበላው እሱ ነው። ዜማው ብቻውን ሥራውን አልሠራም፤ እንዲያውም የግጥሙ ተቃራኒ ነው።

ባቡሩስ? ባቡሩ ታሪክ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ከሰሜን ጃፓን ገጠሮች በልዩ ባቡር እየተጫኑ ቶኪዮ ይገቡ ነበር። ፋብሪካና ሱቅ ሠራተኛ ይፈልጋል። የሚወርዱት ኡኤኖ ጣቢያ ነው። ሃቺሮ ኢዛዋ በ1964 «አ ኡኤኖ ኤኪ» ብሎ የዘፈነው ለእነዚህ ልጆች ነው፤ ወደ ጣቢያው የሚገባው ባቡር የአገር ቤት ሽታ ይዞ ይመጣል ይላል። ቶኪዮ እማር በነበረበት ጊዜ ከጣቢያው ውጭ የዚህን ዘፈን መታሰቢያ አይቻለሁ። ወጣቱ ሳያየው ያልፋል። አንድ ሽማግሌ ግን ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ግጥሙን እስከ መጨረሻው ሲያነቡ ጎናቸው ቆሜ ነበር። ምንም አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲያ በጃፓን ዘፈን ውስጥ «ባቡር» የሚል ስሰማ እንደ ጌጥ አልቆጥረውም።

ወደ ሰሜን የሚመለስ ባቡር ከፈለግሽ ሳዩሪ ኢሺካዋን ስሚ፤ «ጹጋሩ ካይክዮ ፉዩገሺኪ»፣ 1977። የተለያት ፍቅር ከኋላ ነው። ከኡኤኖ በሌሊት ባቡር ተነስታ በረዶ የለበሰው የሰሜን ወደብ አኦሞሪ ትደርሳለች። ወደ ሰሜን የሚሄደው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የባሕሩን ድምፅ ይሰማል። እሷም ብቻዋን ወደ ሆካይዶ ደሴት የሚያሻግረውን መርከብ ትሳፈራለች። በ1988 ከባሕሩ ሥር የባቡር ዋሻ ተከፍቶ ያ መርከብ ቀረ። ዘፈኑ ግን ዛሬም ይዘፈናል።

ጥያቄ፦ ልጄን ልድር ነው። ከፍቅረኛ ሌላ ስለ እናት የተዘፈነ የጃፓን ዘፈን ይኖራል? (የሙሽራዋ እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። አለ፤ የሞሞኤ ያማጉቺ «ኮስሞስ»፣ 1977። ኮስሞስ በመከር የምታብብ አበባ ናት። በነጋታው የምትሞሸር ልጅ እናቷን ታያለች። እናት አልበም ትገልጣለች፤ የልጅነቷን ወሬ ደጋግማ ታወራለች፤ ትንሽ ታስላለች። ችግርም ቢመጣ ጊዜ ሲያልፍ መሳቂያ ይሆናል እያለች ታጽናናታለች። ልጅ ዕቃዋን ትሸክፋለች፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ የአንቺ ልጅ ሆኜ ልቆይ ትላለች።

ሞሞኤ ራሷ በ1980 በ21 ዓመቷ ልታገባ ስትል መድረኩን ተወች። በቶኪዮው ቡዶካን አዳራሽ የመጨረሻውን ዘፈን ዘፍና ማይክራፎኑን መሬት አስቀምጣ ወጣች፤ ወደ መድረክ አልተመለሰችም። ዘፈኑን የደረሰው ማሳሺ ሳዳ ነው፤ እሱም በራሱ ድምፅ ተጫውቶታል። ከሁለቱ የሞሞኤን ያስቀድሙ። ሲወጣ 18 ዓመቷ ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ከቤት መውጣት የሚያስፈራት ልጅ አለች።