ሜርኩሪ ጁፒተርን ያከለችበት ሠንጠረዥ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ኦንላይን ለሚወጣ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ስለማስተካከል ናቸው። መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ረድፍ ስል ወደ ጎን የተጋደመውን ነው፤ ዓምድ ስል ቀጥ ብሎ የቆመውን። እኔ የምጽፍባት ይህች ቦታም ዓምድ ስለምትባል እንዳይምታታብን ብዬ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትን ሳጥን ሕዋስ የሚሉት አሉ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሴል ስል ስለምውል፣ ሴል ብዬው ልቀጥል።

ጥያቄ፦ ስምንቱን ፕላኔቶች ከነዲያሜትራቸው ኤክሴል ላይ አስገባሁ። ከትልቅ ወደ ትንሽ እንዲሰለፉ የዲያሜትሩን ዓምድ መርጬ ሶርት አደረግሁ። አሁን ሜርኩሪ 142,984 ኪሎ ሜትር ይዛ ቁጭ ብላለች! ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ምን ይሻለኛል?
(የሳይንስ ጽሑፍ አዘጋጅ)

መልስ፦ አይዞዎት። ቁጥሮቹ ሁሉም አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ናቸው የተለዋወጡት። የተንቀሳቀሰው እርስዎ የመረጡት ዓምድ ብቻ ነው። የስሞቹ ዓምድ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የጁፒተር 142,984 ሽቅብ ወጥቶ ሜርኩሪ አጠገብ አረፈ። ጁፒተር ደግሞ አምስተኛው ረድፍ ላይ እንደቆመ የምድርን 12,756 ወረሰ። ክፋቱ፣ ዓምዱ ለብቻው ሲታይ ምንም እንከን የለውም። ከትልቅ ወደ ትንሽ ቁልቁል ይወርዳል። ዓይን የሚሸወደው ለዚህ ነው።

ኤክሴል እንኳ ዝም አይልም። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ካየ፣ ምርጫውን ላስፋው ወይስ በተመረጠው ብቻ ልቀጥል የሚል መስኮት ያወጣል። እኛ ቸኩለን ሁለተኛውን እንጫናለን። ጉግል ሺትስ ላይ ደግሞ ‘ሶርት ሺት’ ሙሉውን ረድፍ ይዞ ይሄዳል፤ ‘ሶርት ሬንጅ’ ግን የመረጡትን ብቻ ነው የሚነካው።

ፋይሉ ባይዘጋ ኖሮ ኮንትሮል ዜድ ይበቃዎት ነበር። አሁን ፋይሉ የተቀመጠው ኦንላይን ከሆነ ‘ቨርዥን ሂስትሪ’ ውስጥ ገብተው ከሶርቱ በፊት የነበረውን ይመልሱ። ያ ከሌለ ከምንጩ እንደገና መሙላት ነው። ይቺ የዚህ ትመስለኛለች እያሉ አንድ በአንድ ለመመለስ እንዳይሞክሩ።

እኔም ተሸውጄበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአርባ ተራሮችን ከፍታ ሶርት አድርጌ፣ ጽሑፉን ለጥፌ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት አንድ አንባቢ ‘8,849 ሜትር የኤቨረስት ነው፤ ምነው ለኪሊማንጃሮ ሰጣችሁት?’ ብሎ ጽፏል። አርባውም ተራሮች ከፍታ ተለዋውጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሶርት ካደረግሁ በኋላ በቃሌ የማውቀውን አንድ ረድፍ ፈልጌ አያለሁ። ኤቨረስት አጠገብ 8,849 ካለ እፎይ እላለሁ።

ሌላም አለ። ቁጥሩ ያለበት ሴል ውስጥ ‘ኪ.ሜ.’ ብለው ጽፈው ከሆነ ያጥፉት። ኤክሴል ፊደል ሲያይ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ያን ጊዜ የሚያወዳድረው የመጀመሪያውን አሃዝ ነው። በ6 የሚጀምረው የማርስ 6,792 በ1 ከሚጀምረው የጁፒተር 142,984 በልጦ ከላይ ይወጣል። ‘ኪ.ሜ.’ ቦታው የዓምዱ ርዕስ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ያበቃል።

ጥያቄ፦ በኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ በሚሠራበት ኮድ) ከተሠራ ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን የመረጃ ረድፍ ሰረዝኩ። ከሥሩ ያሉት ሦስት ረድፎች ወደ ግራ ተንሸራተቱ። እኔ የነካሁት አንድ ረድፍ ነው፤ ሌሎቹ ምን ሆነው ነው?
(ግራ የገባኝ)

መልስ፦ ሠንጠረዡ ውስጥ የተዋሃደ ሴል አለ። የፊተኛውን ጠያቂ ፕላኔቶች ልዋስና ላሳይዎት። የመጀመሪያው ዓምድ ‘ዓይነት’ ይባል። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድርና ማርስ አራቱም ድንጋያማ ስለሆኑ፣ አዘጋጁ ‘ድንጋያማ’ የሚለውን አንድ ጊዜ ጽፎ አራት ረድፍ እንዲሸፍን አድርጎታል። ኮዱ ላይ ‘ሮውስፓን’ 4 ተብሎ ይጻፋል። የሚጻፈው ግን የት ነው? የሜርኩሪ ረድፍ ውስጥ! የቬነስ፣ የምድርና የማርስ ረድፎች ስምና ዲያሜትር ብቻ ነው ያላቸው። ‘ዓይነት’ ከላይ ተዘርግቶ ይመጣልናል ብለው አንድ ሴል ጎድለው ተቀምጠዋል። እርስዎ ሜርኩሪን ሲሰርዙ ‘ድንጋያማ’ም አብሮ ሄደ። ቬነስ የዓይነቱ ቦታ ገባች፤ ዲያሜትሯ የስሙን ቦታ ያዘ።

ይህ የሚሆነው ኤችቲኤምኤል ሠንጠረዥን የሚያውቀው በረድፍ በረድፉ ስለሆነ ነው። ‘ቲአር’ ረድፍ ይከፍታል፤ ውስጡ ‘ቲዲ’ እየተባለ ሴሎች ይደረደራሉ። ሴሎችን ሰብስቦ የሚይዝ ዓምድ የለም። የየረድፉ ሁለተኛ ሴል ከላይ እስከ ታች ሲሰለፍ እኛ ሁለተኛ ዓምድ እንለዋለን። ኮዱ ላይ ረድፍ መጨመር ቀላል፣ ዓምድ መጨመር ግን አሰልቺ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ መግባት አለብዎት። አንዱን ከዘለሉ ያ ረድፍ ይንሸራተታል።

መፍትሔው፣ ‘ድንጋያማ’ የሚለውን ሴል የቬነስ ረድፍ መጀመሪያ ላይ መልሰው 4ቱን 3 ማድረግ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ግን ውህደቱን አፍርሼ ቃሉን በየረድፉ እደግመዋለሁ። አራት ጊዜ መጻፉ ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ረድፍ ሲሰርዙም፣ ሲያንቀሳቅሱም፣ ሶርት ሲያደርጉም ሰላም ያገኛሉ። ማየት ለተሳነው አንባቢ ሠንጠረዡን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌርም ብዙ ጊዜ የሚደነቃቀፈው የተዋሃደ ሴል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የጨዋታ ውጤት ‘3-2’ ብዬ ስጽፍ ኤክሴል ቀን አደረገብኝ።
(የስፖርት ጸሐፊ)

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ዓምዱን መርጠው ፎርማቱን ‘ቴክስት’ ያድርጉት። አንዴ ቀን ከሆነ በኋላ ቴክስት ቢያደርጉት አይመለስም፤ ግራ የሚያጋባ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ይሰጥዎታል። እንደገና መጻፍ ነው።

በዚህ የተማረሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሳይንቲስቶች ‘ማርች 1’ እና ‘ሴፕት 1’ የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሯቸው። በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ኤክሴል ወር መስለውት በየጊዜው ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 ባወጣው መመሪያ አንዱን ‘ማርችኤፍ 1’፣ ሌላውን ‘ሴፕቲን 1’ ማለቱን አስታውቋል። ኤክሴል አልለወጥ ሲል ጂኑ ስሙን ለወጠ እንበል።

ጥያቄ፦ መረጃ የሌለውን ሴል ባዶ ልተወው ወይስ ዜሮ ልጻፍበት?
(ጀማሪ)

መልስ፦ ዜሮ ራሱ መረጃ ነው። ሜርኩሪና ቬነስ ጨረቃ የላቸውም፤ እዚያ 0 ይጻፉ። ቁጥሩን ካላገኙት ሰረዝ ያድርጉና ከሠንጠረዡ ሥር ‘ሰረዝ፦ መረጃ አልተገኘም’ ይበሉ። ባዶ ከተዉት አንባቢው ረስተውት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ዎርድ ላይ ሠንጠረዡን መርጬ ዲሊት ስል ጽሑፉ ይጠፋል፣ መስመሮቹ ይቀራሉ።
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ባክስፔስ ይጫኑ። ደግሞም ረድፍ ለመጨመር ሜኑ ፍለጋ አይዙሩ፤ የመጨረሻው ሴል ላይ ሆነው ታብ ሲጫኑ አዲስ ረድፍ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አሥር ዓምድ ያለው ሠንጠረዤ በስልክ ሲታይ ይቆረጣል። ፎቶ አድርጌ ብለጥፈውስ?
(የቴክኖሎጂ ጸሐፊ)

መልስ፦ ኧረ አይሆንም! ፎቶው በስልክ ይኮማተርና ቁጥሮቹ ጉንዳን ያክላሉ። አንድ አሃዝ ብትሳሳት ሙሉውን እንደገና መሥራት ነው። ኮፒ ማድረግም ያስቸግራል። ሠንጠረዡን በጣት ወደ ጎን የሚገፋ ማድረግ ይቻላል፤ ሲኤስኤስ (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ) የሚነካካ ሰው አጠገብዎ ካለ ሠንጠረዡን የያዘው ሳጥን ላይ ‘ኦቨርፍሎው ኤክስ’ የሚለውን ‘አውቶ’ ያድርግልዎት። ከዚያ በፊት ግን አሥሩን ዓምድ አንድ በአንድ ይዩልኝ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መልስ የተጻፈበት አይጠፋም። እሱን ነቅለው ከሠንጠረዡ በላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። የቀሩትን ይላኩልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።