መልስ፦ ሳፍሮን ዋልደን በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ በነፃ የሚታይ ታሪክ

እህቴ፣ «በሴፕቴምበር ልጆቼን ይዤ ሳፍሮን ዋልደን ብሄድ በነፃ የሚታይ ታሪክ አለ?» ላልሽው፣ እንዴታ! በዚያ ወር «ሄሪቴጅ ኦፕን ዴይስ» የሚባል ዝግጅት አለ። ከ1994 ጀምሮ በመላው እንግሊዝ በየዓመቱ ይካሄዳል። ሌላ ጊዜ የሚዘጉ ወይም የሚያስከፍሉ ታሪካዊ ቤቶች ያኔ በነፃ ይከፈታሉ። አንዳንዱ ቀድሞ መመዝገብ ይፈልጋል፤ ቶሎ ስለሚሞላ አትዘናጊ።

ለልጆች ግን እኔ የምመርጠው በከተማዋ የሕዝብ ሜዳ ላይ ያለውን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው። ሳሩ ላይ ተቆፍሮ የተሠራ ነው። በ1699 መዝገብ ላይ ተጠቅሷል። መንገዱ ቢዘረጋ ወደ 1 ማይል ይሆናል! ዓመቱን ሙሉ በነፃ ነው። ከዘነበ ቦቲ አድርጉ።

የከተማዋ ስም ራሱ ታሪክ ነው፤ ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቅመም ድሮ እዚያው ይበቅል ነበር። ከቻልሽ ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ሂጂ፣ የገበያ ቀን ነው።