ባለ 15 ወይስ ባለ 12 ከሰብ ጋር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የሰርግ፣ የልደትና የምርቃት ድንኳን ነው፤ ከ100 እስከ 200 ሰው። ያሉኝ ሁለት ሞንታርቦዎች አርጅተዋል። ዘፈን ሲከፈት ከፊት ያለው ሰው ‹አደነቆርከን፣ ቀንስ› ይላል፤ ከኋላ ያለው ‹ቤዝ የለውም› ይላል። አሁን ልቀይራቸው ነው። ሁለት ትልልቅ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ልግዛ ወይስ ሁለት ባለ 12 ከአንድ ባለ 18 ሰብዉፈር (ሰብ፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ሳጥን) ጋር? ሰቡን ጨምሬ ባንዴ ለመግዛት ገንዘቤ አይበቃም።»

ቁርጡን ልንገርህ፣ ወንድሜ። ጥሩ ጥሩ ባለ 12 ሁለቱን አሁን ግዛ። ሰቡን ከአንድ የሰርግ ወቅት በኋላ አስከትል። እስከዚያ ትልቅ ጭፈራ ያለበት ሥራ ሲመጣ ሰብ ከሌላ አከራይ ተከራይተህ ሂሳቡ ላይ ጨምረው።

በመጀመሪያ ሱቅ ውስጥ የሰማኸውን እርሳው። መርካቶ ባለ 15ቱን ሲከፍቱልህ ደረትህን ይደበድበዋል። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ሳጥኑም ጥግ ተወትፏል። ቤዙ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ያንኑ ሳጥን ድንኳን ውስጥ ስትተክለው ቤዙ የት እንደገባ ይጠፋሃል። የት ገባ ካልክ፣ ጎረቤት ቤት። ሸራ ቤዝን አያቆምም። ኸርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ለሱ ሸራው እንደሌለ ነው። ስለዚህ ድንኳን ከዝግ አዳራሽ የበለጠ ቤዝ ይበላል። አንተ ደግሞ ቤዝ ፍለጋ ቮሊዩም ትጨምራለህ፤ ቀጭኑ ድምፅም አብሮ ይጨምራል፤ የፊተኛው ሰው ይደነቁራል። የደንበኞችህ ሁለት ስሞታ ምንጩ አንድ ነው።

ባለ 15 ይህን ይፈታል? በከፊል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በኪቦርድ የተሠራ ቤዝ ከዚያም ሊወርድ ይችላል። ሳጥኑ እዚያ ድረስ በጉልበት መውረድ አለበት። አሁን የሚሸጡት ባለ አምፕሊፋየር ፕላስቲክ ሳጥኖች ድምፃቸው ዝቅ ሲል ቤዝ ያላቸው ይመስላሉ። ጭፈራው ሲደራና ስትገፋቸው ግን ብዙዎቹ ኮኑ (የሚርገበገበው ክብ የስፒከሩ ፊት) እንዳይጎዳ ራሳቸው ቤዙን ይቀንሱታል። ሰው እስክስታው ላይ በተነሣበት ሰዓት ቤዙ ይጠፋል ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ያው አንድ ኮን ቤዙንም የዘፋኙንም ድምፅ ይሸከማል። በትከሻው ኩንታል ጤፍ፣ በእጁ እንቁላል የያዘ ሰው በለው፤ ኩንታሉ ሲያንገዳግደው እንቁላሉ አይተርፍም። ቤዙ ኮኑን ወዲያና ወዲህ ሲወረውረው የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይርገበገባል። ከዚህ በላይ የ15 ኢንች ኮን ስፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። የ1000 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። የድምፁ ኸርዝ ከ1000 በላይ ሲወጣ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ሆርን እስኪረከበው ድረስ፣ ፊት ለፊት ብቻ እየጠበበ ይሄዳል። ይህ ደግሞ የንግግር ቃል የሚለይበት ቦታ ነው። ሽማግሌው ሲመርቅ በጎን የተቀመጡት ዘመዶች «ምን አለ?» እየተባባሉ «አሜን» የሚሉት ለዚህ ነው። ባለ 12 በዚህ በኩል በግልጽ ይሻላል። እኔ ለድንኳን ሥራ ከቤዝ በፊት የምመለከተው ይህን ነው።

ሁሉም ሥራህ ደግሞ ሰብ አይፈልግም። ለንግግር፣ ለማኅበር፣ ለልጅ ልደት ሁለቱን ባለ 12 ባጃጅ ላይ ጭነህ ብቻህን ትጨርሳለህ። ባለ 18 ሰብ ግን ብዙ ጊዜ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። በክረምት ጭቃ፣ አስፋልት ባልደረሰው ሰፈር፣ ያለ ረዳት አይሞከርም። ረዳት የለኝም፣ ሰብ የሚያከራየኝም ቅርብ የለም ካልክ፣ ያኔ ባለ 15 አያሳፍርም፤ ግዛ።

ስትገዛ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመን። ለቅጽበት የሚወጣውን ጽፈውት ይሆናል፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ ትንሽ ነው። ያገለገለ ከሆነ የኮኑን ግራና ቀኝ በጣቶችህ ይዘህ ቀስ ብለህ እኩል ግፋው። የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) ተበላሽቷል፤ ትተህ ውጣ።

አሁን አተካከሉ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ባለ 12ቱን ከተቀመጠው ሰው ጭንቅላት በላይ አቁማቸው፣ ትንሽም ወደ ታች ያዘንብሉ። እንዲህ ሲሆን ፊተኛው አይደነቁርም፣ ኋለኛውም ይሰማል። ይህን ዛሬ ባሉህ አሮጌዎቹም ሞክረው። ሰቡ ስታንድ አይወድም፤ መሬት ይቀመጥ፣ ከተቻለ ግድግዳ ይደገፍ። ማይኩንና ዘፈኑን ከሚያቀላቅለው ሚክሰር የሚመጣውን ገመድ መጀመሪያ ሰቡ ውስጥ አስገባ፤ ወደ ባለ 12ቱ የሚሄደው ከሰቡ ይውጣ፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውም እዚያ ይቆረጥ። አንዳንድ ሰብ መውጫው አይቆርጥም፤ ያኔ ባለ 12ቱ ጀርባ ላይ ያለውን መቁረጫ ተጠቀም። ይህ ካልተደረገ ሰብ ገዝተህም ትንሹ ሳጥን ኩንታሉን መሸከሙን አልተወም። ሚክሰሩ ላይም የየማይኩን ቤዝ መቁረጫ ተጫን።

ከዚያ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈት፣ ጭፈራው የሚሆንበት ቦታ ቁም፣ ረዳትህ የሰቡን 0 እና 180 ማብሪያ (የሰቡን ሞገድ የሚገለብጠውን) ይቀያይር። ቤዙ ሞላ ባለበት ተወው። ወንድ ሰው በማይክ ሲያወራ ከሰቡ በኩል ጉርምርምታ ከሰማህ መጠኑን አብዝተኸዋል። ወደፊት ሁለተኛ ሰብ ስትገዛ ግራና ቀኝ አትበትናቸው፤ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ከተራራቁ ድንኳኑ መሀል ቤዝ ይበዛል፣ ጎን ላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል።

መብራቱን አደራ። ከሰውየው ቆጣሪ እስከ ድንኳኑ 50 ሜትር በቀጭን ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ከሳብክ፣ በ10 አምፒር 17 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 2.5 ከሆነ 7 ብቻ። ሰፈሩ ላይ መብራቱ ራሱ ደክሞ ከመጣ ቤዙ ሲመታ ሚክሰሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ የተጻፈበትን ኪሎዋት ሙሉ አትቁጠር። እዚህ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ባለ 3 ኪሎዋቱን 2.4 ብለህ ያዘው። መጀመሪያ ጄኔሬተሩን አስነሣ፣ ቀጥሎ ሚክሰሩን፣ ስፒከሮቹን በመጨረሻ። ስታጠፋ ከስፒከሮቹ ጀምር።