ለሕፃናት ደኅንነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ምን ልዘጋጅ?

«በሶሻል ወርክ ልመረቅ ነው። በሕፃናት ደኅንነት የኬዝ ወርከር (የልጆችንና የቤተሰባቸውን ጉዳይ የሚከታተል ባለሙያ) ሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ልጆች በጣም እወዳለሁ፤ ሌላ ምን ላጥና?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

ልጆች መውደድሽ መልካም ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን ይህን ከአመልካቹ ሁሉ ይሰማሉ። ማወቅ የሚፈልጉት የሰው ቤት ስትገቢ ምን እንደምታስተውዪ ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ አደጋንና ሥጋትን ለዪ። አደጋ የሚባለው ልጁን አሁን ወይም በቅርቡ ክፉኛ ሊጎዳው የሚችል፣ ቤት ውስጥ ያለ አዋቂም ያልገታው ነገር ነው። ሥጋት ደግሞ ጉዳቱ ወደፊት ሊደርስ የሚችልበት ዕድል ነው። ለመጀመሪያው ዛሬውኑ የደኅንነት ዕቅድ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወራት የሚፈጅ ድጋፍ ይሻል። «ሁለተኛ አልጠጣም» የሚል የአባት ቃል ዕቅድ አይደለም። አባትየው ሰክሮ ሲመጣ ልጁ ጋ ማን ያድራል? ያ ሰው መምጣት ባይችልስ? ዕቅድ የሚሆነው ይህ ሲመለስ ነው።

ጠያቂዎቹ አንድ ታሪክ ሰጥተው «ምን ታደርጊያለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። እናት ሥራ ስትውል የስምንት ዓመት ልጇ የሦስት ዓመት ወንድሟን ትጠብቃለች እንበል። ለፍርድ አትቸኩዪ። ለስንት ሰዓት? የሚጠራ አዋቂ በቅርብ አለ? እናትየው ሌላ ሰው ብታገኝ ትቀበላለች? ቸልተኝነትንና ድህነትን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ (ከወላጅ ተለይተው ለሚያድጉ ልጆች የሚሰጥ እንክብካቤ) መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን ይላል።

ከ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3ን፣ 9ን እና 12ን አንብቢ፤ አጫጭር ናቸው። 12ኛው የልጁ ሐሳብ እንዲደመጥ የሚያዝዘው ነው፤ ስለዚህ ልጁን ጎዳው ከተባለው ሰው ለይተሽ አነጋግሪው። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢለት፤ ማሳወቅ ግዴታሽ ሊሆን ይችላል።

ስለ መዝገብ አያያዝ ከጠየቁሽ ያየሽውንና የገመትሽውን ለያይተሽ እንደምትጽፊ ንገሪያቸው። «እናትየው ግድ የላትም» ግምት ነው።

አንቺም ጠይቂያቸው፦ አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ስንት ቤተሰብ ይይዛል? የቅርብ ኃላፊው ጉዳዮቹን ከሠራተኛው ጋር በየስንት ጊዜው ይገመግማል? ይህ ሥራ ብቻውን የተተወን ሰው ቶሎ ይጨርሳል፤ የተድበሰበሰ መልስ ከሰጡሽ ደግመሽ አስቢበት።