አማልፊን ከሹፌር ጋር፦ ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምር ጠይቅ

ሰላም ወንድሜ። «እናቴ ኦገስት ላይ ከአገር ቤት ትመጣለች፤ ከሮም ተነስተን የአማልፊን ጠረፍ በአንድ ቀን ላሳያት ብዬ ነበር፤ ራሴ ልንዳ ወይስ ሹፌር ልያዝ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም እናቴን ይዤ በዚያው ወር ሄጃለሁ። ከሮምም የሄድኩት፣ በአንድ ቀንም ነው። የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ልንገርህ።

1. ራስህ አትንዳ። ጎበዝ ሾፌር ልትሆን ትችላለህ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ከቪየትሪ እስከ ፖዚታኖ ባለው የጠረፉ መንገድ በኦገስት ወር በየቀኑ የታርጋ ፈረቃ አለ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ቀኑ ጎዶሎ ሲሆን ጎዶሎ ታርጋ አያልፍም፤ ሙሉ ሲሆን ደግሞ ሙሉው አያልፍም። የጣሊያን ታርጋ የሚያልቀው በፊደል ነው፤ የሚታየው ግን የመጨረሻው ቁጥር ነው። ፈቃድ ያለው ባለሹፌር መኪና፣ እነሱ «ኤኔ ቺ ቺ» የሚሉት፣ ከዚህ ነፃ ነው። ደግሞ አንተ ስትነዳ ባሕሩን የሚያየው ማነው?

2. ከሮም በባቡር ናፖሊ ስትደርስ፣ ጣቢያው በር ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ሻንጣህን ከሚይዝ ሰው ጋር አትሂድ። ባለፈቃዱ መኪና የፊት መስታወቱ ላይ ምልክት፣ ከኋላ ደግሞ ፈቃዱን የሰጠው ከተማ ስምና ቁጥር ያለበት ሰሌዳ አለው። እሱን አይተህ ግባ።

3. ሰዓት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ሮም ውስጥ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ሄጄ ለ8 ሰዓት በ400 ዩሮ ተዋዋልኩ። ሹፌሩ ናፖሊ ጣቢያ ይቀበለናል፣ እዚያው ይመልሰናል። እኔ፣ እማዬና አክስቴ ነን። በፈጣኑ ባቡር ከሮም ናፖሊ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ነበርን። ሹፌሩ ስድሳ የሚጠጋው፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

እማዬ የደባርቅ ልጅ ናት። ሊማሊሞን በጭነት መኪና ስትወርድ ስትወጣ ያደገች ሴት በጠመዝማዛ አትደነግጥም። አክስቴ ግን ፖዚታኖ ሳንደርስ ፊቷ ተቀየረ። ሹፌሩ ወርዶ ከመንገድ ዳር ሻጭ አንድ ሎሚ አመጣላትና አሸተተች። የአካባቢው ሎሚ ረጅምና ትልቅ ነው። እማዬ ተቀብላ መዘነችውና «ይሄ ትርንጎ እንጂ ምኑ ሎሚ ነው?» አለች።

ከፖዚታኖ ወደ አማልፊ ስትሄድ ባሕሩ በቀኝህ ነው፤ እናትህን በቀኝ አስቀምጣት። እማዬ በቀኝ ተቀምጣ፣ ገደሉ ላይ የተንጠለጠሉትን ቤቶች ስታይ ስታይ ድንገት «ፌርማታ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ፍሬን ያዘ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው። ዞሮ «ሲኞራዋ ጣሊያንኛ ትችላለች እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በ«ጎማ»ና በ«ፍሬቻ» ሲግባቡ ዋሉ፤ አስተርጓሚነቴ ቀረ።

ምሳ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። «የጓደኛዬ ቤት ነው፣ እይታው ልዩ ነው» ብሎ ይዞን ሄደ። እማዬ ፍልሰታን ይዛለች። ቤቱ ያለው ዓሣ ብቻ። ሹፌሩ ዓሣ የጾም ምግብ ነው ብሎ ሊያሳምናት ሞከረ፣ እንደ ንስሐ አባት። በስንት ልመና ፓስታ በቲማቲም ተሠራላት፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም ብላ እሱንም አስጠቀለለችው። አንድ ሰዓት ተኩል እዚያ ሄደ። ሰውየው ከባለቤቱ ጋር ወይኑን እየጠጣ (አዎ፣ እየነዳን ነው የመጣው!) ሰዓታችን ይቆጥራል።

አማልፊን ግን አልረሳውም። ካቴድራሉ የሐዋርያው እንድርያስ ነው፤ አጽሙ በ1208 ከቁስጥንጥንያ መጥቶ ከሥር ባለው ክፍል አርፏል። ፖዚታኖ ላይ «ጉልበቴን» ብላ አሥር ደረጃ አልወርድም ያለችው እማዬ፣ ይሄን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ 62ቱን ደረጃ ከኔ ቀድማ ወጣች። እዚያ ስትጸልይ ሰዓት አላየሁም። ማንስ ያያል?

ስንወርድ ሹፌሩ መንገዱ ሳይዘጋጋ እንመለስ አለ። ከአማልፊ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው ራቬሎ ወጥተን ትንሽ ቆይተን፣ ከዚያ በኪዩንዚ ተራራ በኩል ወደ አውራ ጎዳናው ወረድን። ልክ 10 ሰዓት ላይ ናፖሊ ጣቢያ። ስምንት ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ ሳይዛነፍ። በራሴ ኮራሁ።

ሰውየው ወረቀት አወጣ። የሠራሁት በጠቅላላ የአሥር ሰዓት ተኩል ሥራ ነው ይላል። ጋራዡ ሶሬንቶ ነው። ከጋራዡ የወጣው ንጋት 12፡45 ላይ ነው፣ የሚገባው 11፡15 ላይ ነው። ትርፉ ሦስት ሰዓት ተብሎ ተሞላ፤ በሰዓት 50 ዩሮ። የመንገድ ክፍያና ፓርኪንግ ሌላ። አክስቴ ባማርኛ የምትለውን ሁሉ አለችው፤ እሱም ባይሰማው ገብቶታል።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ጥፍሯን እያየች ወረቀቴን ገለበጠችና በጀርባው አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ከጋራዥ እስከ ጋራዥ።» ከዚያ «ሲኞራ፣ ጣሊያንኛ የሚያነብልሽ ሰው የለም?» አለችኝ። እኔን! ሮም ውስጥ 14 ዓመት የኖርኩ፣ የስንቱን አበሻ የሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወረቀት አንብቤ የሞላሁ ሴት። የራሴን ወረቀት ግን ጀርባውን አላየሁትም። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ወንድሜ ከዳላስ ሲመጣ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ከሮም በቀጥታ ሳሌርኖ የሚገባ ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ሳሌርኖ የጠረፉ አፍ ላይ ናት፣ ቪየትሪ አጠገቧ ናት። ጋራዡ እዚያው ሳሌርኖ የሆነ ሹፌር ፈለግኩ። በዋትስአፕ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ ሰዓቱ የሚጀምረው እኛ መኪና ውስጥ ስንገባ ነው፣ የሚያልቀው ጣቢያ ስንወርድ ነው፣ ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ነው፣ ምሳ የምንበላበትን እኛ እንመርጣለን። «ቫ ቤኔ» (እሺ) ብሎ መለሰ። 320 ዩሮ፣ ሳንቲም አልተጨመረም። በዚህ በኩል ስትሄድ ግን ባሕሩ በግራ ስለሆነ እናትህን በግራ አስቀምጣት፤ ስትመለሱ ትዞራለች።

ኦገስት 15ን ሽሽ። ለእነሱ የማርያም ዕርገት ነው፣ አገሩ ሁሉ ባሕር ዳር ይወርዳል። ለእኛ ደግሞ ፍልሰታ መሃል ስለሆነ እናትህ የምትጾም ከሆነ ስንቅ ያዝ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ዳቦና ሽሮ ፍትፍት ክዳን ባለው ሳህን አድርጌ ሄጃለሁ። ወንድሜ አፍሮብኝ ነበር፤ በኋላ አብዛኛውን የበላው እሱ ነው።

አንድ ነገር አልጻፍክም። የእናትህ ጉልበት እንዴት ነው? ፖዚታኖ መኪና ከላይ ነው የሚያወርድህ፤ ወደ ባሕሩ በእግር ወርደህ መልሰህ መውጣት አለብህ። ራቬሎ ግን አደባባዩ ሜዳ ነው፣ ከቪላ ሩፎሎ የአትክልት ቦታ ሆና ባሕሩን ቁልቁል ታየዋለች። ጉልበቷ የሚያስቸግራት ከሆነ ፖዚታኖን ከመኪናው መስኮት አሳያትና ያንን ሰዓት ለራቬሎ ስጠው። ጻፍልኝ፣ የሳሌርኖውን ሹፌር ቁጥር በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።